ነባሩን ካሴት የሚያነብ አዲስ ዴክ
ከፍተኛ ጥራት ያለው ምስል በማግኔት ክር ላይ የተቀረጸበት ታሪክና የአንድ ሙያ ቃል ፍቺ

የቴክኒክ መጻሕፍትን ወደ አማርኛ የሚመልሱ ሰዎች ከሚቸገሩባቸው አነጋገሮች አንዱ፣ አንድ አዲስ መሣሪያ ከእርሱ በፊት ለነበረው መሣሪያ የተዘጋጀውን ዕቃ ተቀብሎ መሥራት መቻሉን የሚገልጸው ሐረግ ነው። ቃል በቃል ሲመለስ «ወደ ኋላ ተስማሚ» ይሆናል። አነጋገሩ ሰዋስው አይጥስም፤ ይሁን እንጂ ማን ከማን ጋር እንደሚስማማ፣ የሚስማማውም በምን በምኑ እንደ ሆነ አይናገርም። ከዚህም የባሰ ጉድለት አለበት። «ኋላ» የሚለው ቃል በቋንቋችን በቦታ ሲነገር ከጀርባችን ያለውን፣ በጊዜ ሲነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ገና የሚመጣውን ያመለክታል። «ወደ ኋላ ተመልሰን ብናይ» ስንል ያለፈውን ማሰባችን እውነት ነው፤ «ኋላ እንገናኛለን» የሚል ሰው ግን ስለ ትናንት አይናገርም። እንግዲህ «ወደ ኋላ ተስማሚ» የተባለ መሣሪያ የገዛ ሰው፣ መሣሪያው ወደ ፊት ከሚወጡት ካሴቶች ጋር ይስማማል ብሎ ቢረዳ ጥፋቱ የእርሱ ሳይሆን የቃሉ ነው።

ሙያ ቃል ከመሰየሙ በፊት ነገሩ ራሱ በታሪክ ምን መልክ እንደ ነበረው መመርመር ይገባል። ለዚህ ምርመራ ከፍተኛ ጥራት ያለው ተንቀሳቃሽ ምስል በማግኔት ክር ላይ የተቀረጸበትን ታሪክ መርጠናል፤ በዚህ አጭር ታሪክ ውስጥ ልዩ ልዩ መልክ ያላቸው ዝምድናዎች ሁሉ «ተስማሚነት» በሚል በአንድ ስም ሲጠሩ ቆይተዋልና። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ቃላቱ አስቀድሞ ጥቂት እንበል። «ክር» የምንለው ሕዝቡ «የካሴት ክር» የሚለውን ነው። ነገሩ በእርግጥ የማግኔትነት ጠባይ ያለው ደቃቅ ዱቄት የተለበጠበት ቀጭን የፕላስቲክ ጥብጣብ ስለ ሆነ «ጥብጣብ» ማለት ይሻል ይሆናል፤ የተለመደውን ግን አልተውንም። «ቀረጸ» የሚለው ግሥ ደግሞ ጥንተ ፍቺው እንጨት ወይም ድንጋይ ጠርቦ ቅርጽ ማውጣት ነው። ለሸክላ ይስማማዋል፤ በሸክላ ላይ የሚቦረቦር ነገር አለና። በማግኔት ክር ላይ ግን የሚቦረቦር የለም፤ ቅንጣቶቹ በያሉበት ሆነው የማግኔትነታቸው አቅጣጫ ብቻ ይለወጣል፤ ስለዚህም የተጻፈው ጠፍቶ ሌላ ሊጻፍበት ይቻላል። «መቅረጸ ድምፅ» አንዴ ሥር ስለ ሰደደ እኛም በግሡ እንጠቀማለን።

ድምፅን በማግኔት መያዝ የዴንማርኩ ተወላጅ ቫልደማር ፖልሰን በ1898 በብረት ሽቦ ላይ የጀመረው ሲሆን፣ ምስልን መያዝ ግን ከዚያ በኋላ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ፈጅቷል። ምክንያቱ ፍጥነት ነው። የምስል ምልክት በአንድ ሴኮንድ ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠር ጊዜ ይለዋወጣል፤ ያን ሁሉ ለውጥ ለይቶ ለመጻፍ ክሩ በጸሓፊው ራስ ፊት እጅግ ፈጥኖ ማለፍ አለበት። ክሩን ራሱን በዚያ ፍጥነት ቢያስኬዱት ጥቅልሉ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። የአሜሪካው አምፔክስ ኩባንያ በሚያዝያ 1956 በቺካጎ ያሳየው መሣሪያ ችግሩን የፈታው ራሶቹን በማሽከርከር ነው። አራት ራሶች የተተከሉበት መንኰራኵር 2 ኢንች ስፋት ባለው ክር ላይ ከዳር እስከ ዳር አግድም እየጻፈ ሲዞር፣ ክሩ ራሱ በሴኮንድ 15 ኢንች ብቻ ይጓዝ ነበር። በኋላ የተስፋፋው ዘዴ ደግሞ ራሶቹን በከበሮ ላይ ተክሎ፣ ክሩን በከበሮው ዙሪያ አጋድሞ በመጠምጠም፣ በሰያፍ መስመር መጻፍ ነው። የጥገና ሠራተኞች ራሱን «ሄድ»፣ መሣሪያውን «ዴክ» ይሉታል፤ ሁለተኛውን እኛም ተቀብለናል።

የጃፓኑ ቪክተር ኩባንያ፣ በአጭር ስሙ ጄቪሲ፣ በ1976 ያወጣው ቪኤችኤስ በሰያፍ የሚጽፍ ነው። ከእርሱ በኋላ የመጡት በእርሱ ልክ ስለ ተሰፉ መጠኖቹን መናገር ያስፈልጋል። ክሩ ግማሽ ኢንች ይሰፋል። ከበሮው ከዳር እስከ ዳር 62 ሚሊሜትር ሲሆን፣ በአሜሪካና በጃፓን ሥርዓት በደቂቃ 1800 ጊዜ ያህል፣ በአብዛኛው አውሮፓና በእኛ አገር ሥርዓት 1500 ጊዜ ይዞራል። ክሩ በሴኮንድ ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ሲንቀሳቀስ ራሱ በክሩ ላይ በሴኮንድ ከ5 ሜትር በማይርቅ ፍጥነት ይሮጣል ማለት ነው። በአሜሪካው ሥርዓት የብርሃን ምልክቱ የሚጻፈው ከ3.4 እስከ 4.4 ሜጋ ኸርዝ በሚወዛወዝ ሞገድ ነው፤ ከዚህም የሚገኘው ምስል በአግድም 240 መስመር ያህል ይለያል። ከአየር ከሚሰራጨው ያነሰ ነበር፤ ለቤት ግን በቃ።

አንድ ካሴት በአንድ ዴክ አፍ መግባቱና በዚያ ዴክ መነበቡ ሁለት ልዩ ነገሮች መሆናቸውን የእኛ ሰው ሳይማር ያወቀው በዚህ በቪኤችኤስ ዘመን ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የተከተለው ሥርዓት ፓል፣ የአሜሪካው ኤንቲኤስሲ ነበር። ከዋሽንግተን ወይም ከሎስ አንጀለስ የተላከ የሠርግ ካሴት አዲስ አበባ ደርሶ ዴኩ ውስጥ ያለ ችግር ይገባል፤ ክሩም ይጠመጠማል፤ ምስሉ ግን ይዘላል፣ ወይም ቀለሙ ይጠፋል። በዚህ ጊዜ ሁለቱንም ሥርዓት የሚያነብ ዴክ ያለው ዘመድ ወይም ጎረቤት ይፈለግና ቤቱ ለአንድ ሰንበት ሠርግ ቤት ይሆናል። ካሴቱ በቅርጹ አንድ ነው፤ በጽሕፈቱ ግን ሌላ ነው።

በ1987 ያው ኩባንያ ኤስ-ቪኤችኤስን አወጣ። ሞገዱን ከ5.4 እስከ 7.0 ሜጋ ኸርዝ ከፍ በማድረግ፣ ክሩንም በተሻለ ዱቄት በመለበጥ፣ በአግድም 400 መስመር ያህል የሚለይ ምስል ተገኘ። ካሴቱ በመጠኑ ከቀድሞው አልተለየም፤ ዴኩ ዓይነቱን እንዲያውቅ ግን በቅርፊቱ ላይ አንዲት ቀዳዳ ተጨመረች። አዲሱ ዴክ የቀድሞውን ካሴት ያነባል፤ ሲፈለግም በቀድሞው ሥርዓት ይጽፋል። የቀድሞው ዴክ ግን ለአዲሱ ሞገድ ስላልተዘጋጀ፣ አዲሱን ካሴት ሲያጎርሱት የሚያሳየው የተበላሸ ምስል ነው። ዝምድናው የአንድ ወገን ነው።

ተቃራኒው ዝምድና ደግሞ ከዚህ ቀድሞ ይታወቅ ነበር። አሜሪካ በ1953 ያጸደቀችው የቀለም ቴሌቪዥን ሥርዓት «ተስማሚ» የተባለው፣ በየቤቱ የነበረው ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን አዲሱን ስርጭት ያለ ቀለም መቀበል ስለ ቻለ ነው። በዚህ ጊዜ የሚያነበው ነባሩ፣ የሚነበበው አዲሱ ነው። በቪኤችኤስም ቤት ተመሳሳይ ነገር ተደርጓል። በ1980ዎቹ የተሻለ ጥራት ያለው ድምፅ ሲጨመር፣ አዲሱ ድምፅ ከምስሉ ምልክት በታች በክሩ ልባጥ ውስጥ እየተጻፈ፣ በክሩ ጠርዝ ላይ የነበረው የቀድሞ ድምፅ አልተነካም፤ አሮጌው ዴክ ጠርዙን እያነበ ሥራውን ቀጠለ። እነዚህን ሁለት ተቃራኒ አቅጣጫዎች በአንድ «ተስማሚ» በሚል ቃል መጥራት ነው ግራ መጋባትን ያመጣው።

ለእኛ ነገሩን በራሳችን ፊደል መመልከት ይቀላል። የአማርኛ ጸሓፍት የግዕዝን ፊደል ሲወርሱ ከነበሩት ሃያ ስድስት አንዱንም አልጣሉም። ለአማርኛ ድምፆች ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ኸ፣ ዠ፣ ጀ፣ ጨ የተባሉትን ከነባሮቹ ላይ ምልክት እየጨመሩ አወጡ። ስለዚህ አማርኛ ማንበብ የተማረ ልጅ የግዕዝ መጽሐፍ ቢሰጡት ፊደሉ አንድ በአንድ አይጠፋበትም፤ ግዕዝ ብቻ ያወቀ ጥንታዊ ጸሓፊ ግን «ጨረቃ» የሚለውን ቃል ቢያዩት ከመጀመሪያው ፊደል ላይ ይቆም ነበር። ልጁ የፊደሉን ድምፅ ያወጣል እንጂ ቋንቋውን አያውቅም የሚል አንባቢ ቢኖር ትክክል ነው፤ ይህም ልዩነት ከዚህ በታች ያስፈልገናል።

የጃፓን ብሔራዊ የስርጭት ድርጅት፣ ኤንኤችኬ፣ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያጠናው የነበረው ባለ 1125 መስመር ቴሌቪዥን ለክር ቀራጮች አዲስ ፈተና አመጣ። የተራው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ምልክት ስፋቱ 4.2 ሜጋ ኸርዝ ሲሆን፣ የዚህኛው የብርሃን ምልክት ብቻ 20 ሜጋ ኸርዝና ከዚያ በላይ ይጠይቃል። በስቱዲዮ በኩል ሶኒ በ1980ዎቹ መጨረሻ ያወጣው ኤችዲዲ-1000 የተባለው መሣሪያ፣ ቅርፊት በሌለው ጥቅልል በሚዞር የአንድ ኢንች ክር ላይ በሴኮንድ 1.2 ቢልዮን ቢት ገደማ ይጽፍ ነበር። ይህ መሣሪያ ነባር ካሴት ለማንበብ የታሰበ አልነበረም፤ ባለቤቶቹም አልጠየቁትም።

በቤት በኩል ግን ጥያቄው ሌላ ነበር። በ1991 ጃፓን ይህን ስርጭት በሳተላይት በየቀኑ ለሰዓታት ማሰራጨት ስትጀምር (ስርጭቱ እስከ 2007 ቆይቷል)፣ ስንትና ስንት ቤተ ሰብ በመደርደሪያው ላይ የቪኤችኤስ ካሴት ደርድሮ ነበር። ጄቪሲ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ያወጣው ደብልዩ-ቪኤችኤስ ለዚህ ሰው የታሰበ ነው። ካሴቱ የቪኤችኤስ ቅርጽ አለው፤ በውስጡ ያለው ግን ንጹሕ የብረት ብናኝ የተለበጠበት ክር ነው። አንድ ራስ የማይችለውን የምስል ስፋት ለሁለት ከፍሎ፣ በአንድ ጊዜ ሁለት መስመሮችን ጎን ለጎን ይጽፋል፤ በዚያው ችሎታ ሁለት ተራ ፕሮግራሞችን በአንድነት መያዝም ይችላል። ይህ ሁሉ በአናሎግ ዘዴ መሆኑ በዛሬ ዓይን ያስደንቃል። ነባሮቹን ቪኤችኤስና ኤስ-ቪኤችኤስም ያነባል፣ ይጽፋልም። ሆኖም ዋጋው ውድ፣ ስርጭቱም ጃፓናዊ ብቻ ስለ ነበረ ከዚያች አገር ውጭ እምብዛም አልታወቀም።

ቀጣዩ ዲ-ቪኤችኤስ ነው፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ ታቅዶ በዐሥርቱ መጨረሻ ለገበያ ወጣ። ከጄቪሲ ጋር ሂታቺ፣ ማትሱሺታና ፊሊፕስ ተባብረውበታል። ይህ መሣሪያ ከቀደሙት ሁሉ የሚለየው ምስል የማይጽፍ መሆኑ ነው። የሚጽፈው ቢት ነው። በስርጭት ጣቢያው ታምቆ የተላከውን የቢት ፈሳሽ ሳይፈታ እንዳለ ተቀብሎ በክሩ ላይ ያሰፍራል፤ በሚነበብበትም ጊዜ እንዳለ ይመልሳል። መጀመሪያ «ዲ» የተባለችው ፊደል «ዲጂታል» ሳይሆን «ዳታ» ለማለት እንደ ነበረች ይነገራል፤ ለእኛም የቀድሞው ትርጓሜ ይበልጥ ትክክለኛ ሆኖ ይታየናል። በከፍተኛ ጥራት ሲጽፍ በሴኮንድ 28.2 ሚሊዮን ቢት፣ በመደበኛው 14.1 ሚሊዮን ቢት ይይዛል። በ1998 የተጀመረው የአሜሪካ ዲጂታል የምድር ስርጭት በአንድ ጣቢያ በሴኮንድ 19.4 ሚሊዮን ቢት ያህል ስለሚልክ፣ ሙሉው ስርጭት ምንም ሳይጎድለው በክሩ ላይ ይገባል። ረጅሙ ካሴት በከፍተኛ ጥራት 4 ሰዓት ይቀርጽ ነበር፤ ይህም 50 ቢልዮን ባይት ገደማ ነው። ዲስኩ በዘመኑ ከዚህ መጠን ገና ሩቅ ነበር።

እዚህ ላይ ጥያቄ ይነሣል። ዲ-ቪኤችኤስና ቪኤችኤስ የሚጋሩት ምንድን ነው? የካሴቱ መጠን፣ የክሩ ስፋት፣ ከበሮውና ክሩን ስቦ የሚጠመጥመው አካል አንድ ነው። በክሩ ላይ ያለው ጽሕፈት ግን ፈጽሞ ሌላ ነው፤ አንዱ ሞገድ፣ ሌላው ቁጥር። ዴኩ ነባሩን ካሴት ያነበበው ቁጥሩ ከሞገዱ ጋር ስለሚዛመድ ሳይሆን፣ የአናሎጉ ዴክ ሥራ ከዲጂታሉ ጋር በአንድ ቅርፊት ውስጥ ተጨምሮ ስለ ተሠራ ነው። ይህ ከኤስ-ቪኤችኤስ ዝምድና ይለያል። ኤስ-ቪኤችኤስ ፊደል የጨመረ ጸሓፊ ነው፤ ዲ-ቪኤችኤስ ግን በአንድ ብራና ሁለት ቋንቋ የሚያውቅ ጸሓፊ ነው።

በ2002 ደግሞ ከዚሁ ቤተ ሰብ ዲ-ቴአትር የተባለው መጣ። ፎክስን፣ ዩኒቨርሳልን፣ ድሪምወርክስንና አርቲዛንን የመሰሉ የፊልም ድርጅቶች ፊልሞቻቸውን በዲ-ቪኤችኤስ ካሴት፣ ነገር ግን በምስጢር ቁልፍ ዘግተው ሸጡ። ካሴቱ ያው ነው፤ ጽሕፈቱም ያው ነው፤ ቁልፉን የማያውቅ ዲ-ቪኤችኤስ ዴክ ግን አያሳየውም። ከዚህ በፊት ያየናቸው አለመስማማቶች ሁሉ ከቁስና ከሞገድ የመነጩ ነበሩ፤ ይህኛው ከውል የመነጨ ነው። ዴኩን ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የገዛ ሰው «ተስማሚ» ተብሎ የተነገረውን ቃል እንዴት እንደ ተረጐመው መገመት አያስቸግርም። የካሴቶቹ ቁጥር ከጥቂት አልፎ ሳይሄድ በ2006 የከፍተኛ ጥራት ዲስኮች ወጡና ነገሩ አበቃ።

ከሁሉ ይልቅ ቀላል በሆነ መንገድ የሄደው ኤችዲቪ ነው። በ2003 ጄቪሲ፣ ሶኒ፣ ካኖንና ሻርፕ የተስማሙበት ይህ ሥርዓት ዲቪ የተባለውን የትንሿን ካሴት ሥርዓት እንዳለ ወሰደ። ክሩ 6.35 ሚሊሜትር፣ የክሩ ፍጥነት ያው፣ የሰያፉ መስመር ስፋት ያው፤ ባለ 1080 መስመሩ ምስል የሚወስደውም ቢት እንደ ዲቪው በሴኮንድ 25 ሚሊዮን ነው። የአንድ ሰዓት ካሴት የአንድ ሰዓት ካሴት እንደ ሆነ ቀረ። የተለወጠው የቢቶቹ ትርጓሜ ብቻ ነው፤ ዲቪ እያንዳንዱን ምስል ለብቻው ሲያምቅ፣ ኤችዲቪ የተከታታይ ምስሎችን ልዩነት ብቻ እየመዘገበ ብዙውን በጥቂት ቦታ አገባ። ቁጠባው ዋጋ አለው። በክሩ ላይ አንዲት ጠባሳ ብትኖር በዲቪ ቅጽበታዊ ነጥብ ሆና የምታልፈው፣ በኤችዲቪ ተከታዮቹን ምስሎች ሁሉ ይዛ ግማሽ ሴኮንድ ያህል ልታጠፋ ትችላለች። በአዲስ አበባ በእነዚህ ትንንሽ ካሴቶች ሠርግና ፊልም ይቀርጹ የነበሩ ባለሙያዎች ለትልቅ ቀን አዲስ ካሴት እንጂ የተደገመበትን አለመጠቀማቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። የኤችዲቪ ካሜራ ነባሩን ዲቪ ያነባልም ይጽፋልም፤ የዲቪ ካሜራ ግን ኤችዲቪውን ክር እየሳበ ምንም አያሳይም፤ ልክ ፊደሉን ቆጥሮ ቋንቋውን እንደማያውቅ ልጅ።

አሁን ወደ ስያሜው እንመለስ። ከታሪኩ እንደ ታየው ሊለዩ የሚገባቸው ነገሮች አሉ። በቅርጽ ብቻ አንድ ለሆኑት «አቻ ቅርጽ» ማለት ይበቃል። አዲሱ መሣሪያ ነባሩን ካሴት ለማንበብ ሲችል ስሙ ማንበቡን ይናገር። በመጀመሪያ «ነባር አንባቢ» ብለን ነበር፤ ግን ይህ የመጽሔታችንን የቆየ ደንበኛ የሚያስመስል ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ በ«ጸሓፌ ትእዛዝ» አገባብ «አንባቤ ነባር» እንላለን፤ በነባሩ ሥርዓት መጻፍም የሚችለውን «ጸሓፌ ነባር» እንላለን። በተራ ጽሑፍ «ነባሩን የሚያነብ»፣ «በነባሩ የሚጽፍ» ማለት ያው ነው። እንደ 1953ቱ የቀለም ስርጭት አዲሱ ነገር በነባሩ መሣሪያ ሲነበብ ደግሞ «ለነባር ተነባቢ» ይባል። «አሮጌ» ያላልነው የሚጣል ስለሚያስመስል ነው፤ «ቀዳሚ»ም በማዕረግ መብለጥን ያሰማል። «ነባር» ግን የነበረና አሁንም ያለ ማለት ነው፤ የካሴቶቹ ሁኔታ ይኸው ነው። በዚህ መለኪያ ኤስ-ቪኤችኤስም፣ ደብልዩ-ቪኤችኤስም፣ ኤችዲቪም አንባቤ ነባርና ጸሓፌ ነባር ናቸው፤ የዲ-ቴአትር ካሴት ግን ለቀደመው ዲ-ቪኤችኤስ ዴክ አቻ ቅርጽ ብቻ ነው።

የስያሜው ጉዳይ ከመዝገበ ቃላት ውጭም ይፈለጋል። የመጨረሻው የቪኤችኤስ ዴክ አምራች የነበረው የጃፓኑ ፉናይ በሐምሌ 2016 ማምረቱን አቁሟል። በ2019 ዩኔስኮና ዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል ቤተ መዛግብት ማኅበር፣ ክር የሚያነቡ መሣሪያዎችና መለዋወጫዎቻቸው እየጠፉ መሆናቸውን በይፋ አስጠንቅቀዋል። ክሩ በመደርደሪያ ላይ ሳለ አንባቢው ቀድሞ እያለቀ ነው ማለት ነው። በዚህ ጊዜ የሚተርፈው ዴክ አንባቤ ነባር የሆነው ነው፤ አንድ የኤስ-ቪኤችኤስ ዴክ ለሁለት ሥርዓት፣ አንድ የዲ-ቪኤችኤስ ዴክ ለሦስት ያገለግላልና። ስለዚህ ካሴት የሚመዘግብ ቤተ መዛግብት ወይም ቤተ ሰብ በካርዱ ላይ «ቪኤችኤስ» ብሎ ብቻ ቢተው በቅርጹ ተታሎ ይሆናል። በቅርፊቱ ላይ ያለውን ምልክትና ቀዳዳ አይቶ የጽሕፈቱን ዓይነት፣ ፓል ወይም ኤንቲኤስሲ መሆኑን፣ በተራው ፍጥነት ወይም በተራዘመው መቀረጹን፣ የተዘጋም ከሆነ መዘጋቱን መጻፍ ይኖርበታል፤ ከዚያም በታች ካሴቱን ለመጨረሻ ጊዜ ያነበበውን ዴክ ስምና ያነበበበትን ቀን።